የሽማግሌው ጠያቂ

ይድረስ ምንም ለማልደብቅሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ልጅሽስ በረታች? ስፌቱ ደረቀላት? ሕፃኑ አንገቱን አጸና ወይስ ገና እንደ ሰካራም ይወዛወዛል? ምጡ ጠንቶባት እናትንም ልጅንም ላጣ ነበር ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ክፍሉን ዞርኩት። አሁን ሦስታችሁም አንድ ቤት ገብታችሁ እንቅልፍ መተኛት መጀመራችሁን ስሰማ ነው ትንፋሼ የተመለሰው። የእኔን ጤና ካነሳሽ፣ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነገር የለብኝም። መቀመጥ ብቻ ነው ያቃተኝ። ይህን ደብዳቤ ስጀምረው ስንተኛዬ እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ የቀደድኩትን ወረቀት የሚጠርገው ሰው ይመስክርብኝ።

የምጽፍልሽ ከሽማግሌ ጠያቂ ማኅበራችን ቢሮ ነው። ታች ጎሚስታው ጎማ ይደበድባል፣ ላይ እኔ ራሴን። ግማሹን ቆሜ ነው የምጽፈው፤ መስኮቱ ደፍ ላይ ወረቀቱን አስደግፌ ትንሽ እጽፍና ወደ በሩ ሄጄ እመለሳለሁ። ያ ነጋዴ በእርዳታ ስም ያራገፈብን የግድግዳ ሰዓት አሁንም በየካርቶኑ ተከምሯል። አንዱን ለአንዲት ብቻቸውን ለሚኖሩ እናት ወስጄላቸው ነበር። ቀኑ እንደማያልቅ እኔም አውቀዋለሁ ልጄ፣ የሚቆጥርልኝ አልፈልግም ብለው መለሱልኝ። ነጋዴው ደግሞ ፎቶ አምጪ ብሎ ይዞኛል፤ ሽማግሌ ሰዓት ታቅፎ ሲስቅ የሚያሳይ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጡረተኛዋ ነርሳችን እንደጻፈችልሽ፣ በሚመጣው እሑድ ጠቅላላ ጉባኤው እኔን አውርዶ አንቺን ሊቀመንበር ሊያደርግ አስቧል። አንቺም እንደ ጓደኛ ልቀበል ወይስ ልተወው ብለሽ ጠየቅሽኝ። በዚሁ ብታበቂው ምን ነበረበት? ጨመርሽበት እንጂ። አንድ ሽማግሌ ለዓመታት ጠያቂ ሳይመደብላቸው ኖረው ቤታቸው ውስጥ ወድቀው መገኘታቸውን ስትሰሚ ስለ እኔ እንዳፈርሽ ጻፍሽ። ማኅበሩን አብረን ስንመሠርት አንድም ሰው እንዳይረሳ ተማምለን እንዳልነበር፣ እኔ እንዴት እንዲህ ላደርግ እንደቻልኩ እንዳልገባሽ ጻፍሽ። ቅር አይበልሽና ተናደድኩ። እንዲያውም አለቀስኩ። ያን ዕለት በመልሱ የጻፍኩልሽ ደብዳቤ ደርሶሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጓደኛሞች አንሆንም ነበር። ፖስታ ቤቱ ተዘግቶ ጠበቀኝና ተረፍን።

አሁን በርዶልኛል። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ግን በርዶልኛል። ስለዚህ እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገርሽ።

ሁለቱን ደንቦቻችንን አትረሺያቸውም፤ አንደኛውን ያመጣሽው አንቺው ነሽ። ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ ተብሏል አልሽና፣ ማን የትኛውን ሽማግሌ እንደሚጠይቅ ከሊቀመንበሩ በቀር ማንም እንዳያውቅ ወሰንን። ሰው በደግነቱ እንዳይኩራራ፣ ሽማግሌዎቹም የወሬ ማሟሻ እንዳይሆኑ። ሁለተኛው የእኔ ነበር፤ በጎ ፈቃደኛ ሄድሽ ወይ ቀረሽ ተብሎ አይጠየቅም። በገዛ ፈቃዱ የመጣን ሰው መቆጣጠር ማዋረድ ነው አልኩ። ሁሉም አጨበጨበ። እነዚያን ደንቦች ስንደነግግ እንዴት ያለን ጨዋዎች መስለን ነበር! ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል የሚሉት ይህን ነው።

እኒህ ሽማግሌ ለዓመታት ጠያቂ አልነበራቸውም መባሉ ውሸት ነው። ነበራቸው። ያውም ምን የመሰለች! ሰውዬው ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ኮስታራ፣ ራዲዮናቸውን ሙሉ ቀን የሚያስጮሁ፣ ዜና አንባቢውን ፊት ለፊታቸው እንደተቀመጠ ሰው የሚሞግቱ። ያቺ ሴት ስትመጣ ሙግቱ የሦስት ይሆናል። እሷ ጥፍራቸውን እየቆረጠች ከዜና አንባቢው ጎን ትቆማለች፣ እሳቸው ይቆጧታል፣ ደስ ይላቸዋል። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ በራፋቸው ሳልፍ ሰምቼ፣ ሳቃቸው እስከ መንገድ ሲወጣ፣ ይህን ማኅበር ማቋቋማችን ደግ አደረግን ብዬ ነበር። እውነቴን ነው፤ ደክሞኝ ልተወው ባልኩ ቁጥር የማስበው ያን ሳቅ ነበር።

ታዲያ ሴትዮዋ አንድ ቀን የቤተሰብ ነገር ደረሰባትና በችኮላ ከከተማ ወጣች። አውቶቡስ ልትሳፈር ስትል ከመናኸሪያው ደወለችልኝ። ጥሩንባው፣ ጩኸቱ፤ እሷም አንዱን ቃል ሳትጨርስ ወደ ሌላው ትዘላለች። የያዝሽውን ሁሉ ለሰው አስረክበሻል ወይ አልኳት። ጨርሻለሁ፣ አታስቢ አለችኝ። እኔም አላሰብኩም። ሁሉ የሚባለውን ቃል ለሰነፍ አለቃ ነው የሠሩት። ሽማግሌውንስ ለማን ሰጠሻቸው ማለት ነበረብኝ። የገዛ ደንቤ አፌን ያዘኝ። በዚያ ላይ የምትወጂው ሰው እየተጨነቀ ሳለ እንደ ተቆጣጣሪ መጠየቅ ያሳፍራል። በዚያ ላይ ደግሞ ያን ሰሞን የሰዓቱን ነጋዴ ደጅ ስጠና ነበር የከረምኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔን ነው።

እሷን አልከሳትም። ማንም እንዲከሳት አልፈልግም። በዚያ ሰሞን የነበረባትን ጭንቅ ያየ፣ የራሷን ስም ብትረሳ አይፈርድባትም። ለሽማግሌውም ቶሎ እመለሳለሁ ብላቸው ነበር የሄደችው። እውነትም መስሏት ነው። ነገሩ ግን እየጠና ሄደ፣ ሳምንቱ ሳምንትን ወለደ፣ እኛ ደግሞ እዚህ ማን ማንን እንደሚጠይቅ የማናውቅ፣ ማንም ማንን የማይጠይቅ ጨዋዎች ሆነን ተቀመጥን።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ናት የነገረችኝ። ጠያቂያቸው ስትቀርባቸው አይታ ምግብ ልካላቸው ነበር። ሽማግሌው ሳይነኩት መለሱት። የራሴ ሰው አለኝ፣ ዛሬ ካልመጣች ነገ ትመጣለች፣ ከሌላ ቤት በልቼ ባሳፍራትስ አሏት። እሷም ኩሩ ሽማግሌ ናቸው ብላ ተወቻቸው፤ በየቀኑ ድምፃቸውን ትሰማለች፣ ከራዲዮው ጋር ሲጣሉ። አንድ ጠዋት ግን ራዲዮው ሲያወራ የሚመልስለት አጣ። ስፌቷን ትታ ብድግ ያለችው ያኔ ነው። ጎረቤት ጠርታ በሩን በትከሻ ገፍተው ሲገቡ ከአልጋቸው ሥር ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ከንፈራቸው ደርቆ አገኟቸው። ዜናው ገና አላለቀም ነበር።

እዚህ ላይ አቋርጬ ወጣሁ። አሁን የምጽፍልሽ ከሆስፒታሉ መተላለፊያ ነው፤ ጉልበቴ ላይ ስለሆነ ጽሕፈቴ ቢያስቸግርሽ ይቅር በይኝ። ሽማግሌው በሕይወት አሉ። ዳሌያቸው ታክሟል። ሐኪሟ እንደምትለው አጥንቱ ይገጥማል፤ ግን ተነስተው መለማመድ አለባቸው፣ ካልተነሱ ደግሞ እንዲሁ እንደተኙ ይቀራሉ። እሳቸው ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል። ነይና እዪልኝ፣ ማኅበርተኛው አሁን እንዴት እንደሚሽቀዳደም! ጡረተኛዋ ነርሳችን ተረኛ መድባለች፣ ፍራፍሬው ተከምሯል፣ ትናንት ስድስት ሆነው አልጋውን ከበቧቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እኛ ሃምሳ ሰው ሆነን አንድ ሎሚ ላይ ወደቅን። ሽማግሌው ብርድ ልብሱን እስከ ግንባራቸው ሳቡትና የራሴ ሰው አለኝ፣ እናንተን አላስቸግርም አሉ። ራዲዮ አምጥቼላቸው ነበር። አጥፊው አሉኝ።

የመጀመሪያው ቀን የሆነውን ደግሞ ነርሷ ጎደሎ አድርጋ ነው የጻፈችልሽ። ሁላችንም አልጋውን ከበን ቆመን ሳለ ጎንበስ አለችና፣ አባባ፣ እስከ ዛሬ የሚጠይቅዎ ማን ነበር አለቻቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ፣ አንድ በአንድ አዩን፣ እኔ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ። ማንም አሉ። ማንም አልነበረም። ነርሷ ቀና ብላ አየችኝ። ለዓመታት የተባለው ከዚያ የመጣ ነው። በኮሚቴው ስብሰባ ላይም ሒሳብ ሹሙ ተነስቶ ለእኒህ ሰው ጠያቂ መድበሽ ነበር ወይስ አልመደብሽም ብሎ አፋጠጠኝ። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩና ተቀመጥኩ። ውሸት አይደለም፤ የሰው አደራ ይዞ ያልጠየቀ አለቃ ጥፋተኛ ነው።

እንግዲህ ለጥያቄሽ መልሴ ይኸው። ተቀበዪው። ለአንቺ እጄን አወጣለሁ፣ ማንም ሳይቀድመኝ። ሳልደብቅሽ፣ ወንበሩን እወደው ነበር። ሰው ሲያማርር ሸክም ነው እያልኩ አብሬ አማርራለሁ እንጂ፣ በየሳምንቱ ደረጃውን ስወጣ ልቤ ይሞቅ ነበር። ስለቅ ይቆጨኛል፤ ትንሽም እቀናብሻለሁ፤ ቢያንስ አንድ ወር ፊቴን ባጠቁርብሽ ታገሺኝ። ግን ተቀበዪው። ሁለቱንም ደንቦች በመጀመሪያው ቀን አፍርሺያቸው። ማን ወደማን እንደሚሄድ ሁሉም ይወቅ፤ የሚሄድ ሰው ሽማግሌውን ለሚተካው ሰው እጅ በእጅ፣ እቤታቸው ወስዶ ያስረክብ። እኔ ከዚያ ወዲህ ሄዳችሁ ወይ ብዬ መጠየቅ ስጀምር፣ እኛ ቅጥር ሠራተኞችሽ ነን እንዴ ብለው የተቀየሙ አሉ፤ ሁለቱ ጥለውኝ ወጥተዋል። ይቀየሙ። አንቺን ይሰሙሻል፤ ለእኔ ያልተሰጠው አንደበት ላንቺ ተሰጥቶሻል። ደግሞም እኔ ከእንግዲህ የምፈራው፣ እኔ አልረሳም ብሎ የሚምለውን ሰው ነው።

ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ። ጉልበቷን ይመልስላት፤ ጡቷን ያብዛላት። የአንቺንም ወገብ እግዜር ያጽናው፤ ሌሊት ሕፃን እያባበልሽ ቀን እንደማትተኚ አውቅሻለሁ። ቤቱን ለሁለት ቀን የሚይዝልሽ ሰው ካገኘሽ ግን ከእሑዱ ቀደም ብለሽ ነይ። ስትደርሺ ወደ አዳራሹ አትምጪ፣ ወደ እኔም አትምጪ። በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሂጂ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ ነው። ነርሷ ስላልመደበችሽ ማነሽ ትልሽ ይሆናል፤ ዝም ብለሽ እለፊያት።

አሁን በሩ ተከፍቶ ጠያቂዎች ግቡ እየተባለ ነው፤ እኔም ልነሳ። ያን ዕለት ነርሷ ሕዝቧን አስከትላ ከወጣች በኋላ እኔ ቀርቼ ነበር። ወንበር ስቤ፣ ለምን ማንም አልነበረም አሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። ወደ ግድግዳው ዞሩ። የሰዎቹ ኮቴ ከደረጃው ሲጠፋ ቀስ ብለው ወደ እኔ ተመለሱና እጄን ያዙኝ። ልጇን እያረሰች ነው አሉኝ፤ አራስ ቤት ክፉ ወሬ አይገባም፣ አደራሽን እንዳትነግሪያት።

እኔም አልነገርኩሽም።

ሕፃኑን እቀፊልኝ፤ እደግ፣ ተመንደግ በይልኝ።

ጓደኛሽ