ክዳኑ ሳይዘጋ የሚነበብ የእትዬ ካርቶን የሕይወት ታሪክ

ሐሙስ፣ ኅዳር 19 ቀን ማለዳ እትዬ ካርቶን ሲያርፉ አናጢው ባለቤታቸው፣ ነርሷ ልጃቸውና ይህን የጻፈው የእህታቸው ልጅ አጠገባቸው ነበሩ። የቤቱ በር እንደ ፈቃዳቸው ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር።

እትዬ ካርቶን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከነጋዴ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው በአባታቸው ሱቅ፣ ከጨርቅ ክምር ሥር እንቅልፍ ወሰዳቸው። አባታቸው ሳያዩ ቆልፈው ሄዱ። የተከፈተላቸው በማግስቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ዕድሜ ልካቸውን የተዘጋ በር ሲፈሩ ኖሩ። ትምህርት ቤት ሲገቡ የሚቀመጡት ከበሩ ሥር ነበር። በ1965 ዓ.ም. ሲያገቡም ሙሽራውን የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመኝታ ቤቱ መዝጊያ እንዲነቀል። ባለቤታቸው፣ «ለሰው ሁሉ በር ስሠራ ኖሬ በር የሌለው ቤት ገባሁ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

እንጀራቸው ልብስ ስፌት ቢሆንም የታወቁት በሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናት መምህርነታቸው ነው። የሚያስተምሩት በእጅ ሥራ ነበር፤ የኖኅን መርከብ ከጫማ ካርቶን፣ በጎቹን ከጥጥ፣ የዳዊትን ወንጭፍ ከጨርቅ ቁራጭ። «እጅ የሠራውን ልብ አይረሳውም» ይሉ ነበር። ቅጽል ስሙንም ያወጡላቸው ሕፃናቱ ናቸው።

የትንሣኤው ትምህርት ሲደርስ ግን ይጨነቁ ነበር። መቃብሩ ከካርቶን ይሠራል፤ ድንጋዩ በክር ይንጠለጠላል እንጂ ማጣበቅ ክልክል ነው። አንድ ሰንበት አንድ ችኩል ልጅ ድንጋዩን በሙጫ ግጥም አድርጎ ለጠፈው። እትዬ ካርቶን በጥፍራቸው ቢፈለቅቁት አልላቀቅ አለ። ላብ አጠመቃቸው፤ ሮጠው ወጡ። ሕፃናቱም ፈርተው ያለቅሱ ጀመር። አንዲት ትንሽ ልጅ ተከትላ ወጥታ፣ «እትዬ፣ ምን ያስሮጥዎታል? ውስጡ እኮ ማንም የለም! ተነሥቷል ብለውን የለ?» አለቻቸው። ያንን የተጣበቀ መቃብር ቤታቸው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ከራስጌያቸው አልተለየም።

ዘንድሮ ታመሙ። የፈሩት ሕመሙን ሳይሆን የሬሳ ሣጥኑን ክዳን ነበር። በጠራራ ፀሐይ እንኳ እየባነኑ፣ «ተዘጋ እንዴ?» ይሉ ነበር። የሕይወት ታሪካቸው ተነቦ እስኪያልቅ ክዳኑ እንዳይዘጋ ባለቤታቸውን አስማሉ። ጸሐፊውንም ጠርተው፣ «አንተ ዝምተኛ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ወሬኛ ሁንልኝ። አደራህን፣ አስረዝመው» አሉት።

ረቡዕ ዕለት ግን ወደ ካርቶኑ አተኩረው ሲያዩ ቆዩ። የልጃቸውን እጅ ጨምድደው እንደያዙ ጸሐፊውን፣ «በቃ፣ አሳጥረው። አሁንም እፈራለሁ፤ ግን ባዶውን ነው የምትዘጉት» አሉት። ስለዚህ አጠረ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እህታቸውንና ጣታቸው ሙጫ የለመደ ብዙ ሕፃናትን ትተው በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐርፈዋል። መቃብሩን ባዶ ያደረገ ጌታ ነፍሳቸውን በተከፈተ ደጅ ይቀበልልን። አሜን።

ንባቡ እዚህ ላይ ያበቃል። ባለቤታቸው ክዳኑን ይዘጋሉ።