ሞይራ የመረጠችው መነጽር

ሰኞ፣ ማርች 3

ዝናብ። ወንዙ ደፍርሷል። አጋዘኖቹ ማጓራት ሊጀምሩ፣ የአደኑም ወቅት ሊገባ ስለሆነ የአደን ዕቃ ሱቄ ቀኑን ሙሉ ሲጨናነቅ ዋለ... ጥይት፣ ካልሲ፣ የዝናብ ልብስ። ከክራይስትቸርች ከተማ የመጣ አንድ የጥርስ ሐኪም ከሁሉ ትልቁን የጠመንጃ መነጽር ካልሰጠኸኝ አለ። "ጨረቃ ላይ ያለ አጋዘን ነው እንዴ የሚመቱት?" አልኩት። ሳቀ። ገዛውም። ባጎላ ቁጥር የሚያሳየው ቦታ እየጠበበ እንደሚሄድ ነግሬው ነበር፤ ማን ይሰማል?

ልዘጋ ስል ሞይራ ታፕሰል ገባች። ልጇን ፊንሌይን ከቀበረች ወዲህ ደጃፌን ረግጣ አታውቅም። በዒላማ ክለባችን እሷን የሚያህል ተኳሽ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ግን ጠመንጃዋን ሰቀለች።

"መነጽር ልመርጥ ነው፣ ሌን።"

"ለዒላማ ነው ለአደን?"

"ሩቅ ላለ ነገር።"

ሁለት ሦስቱን አንስታ አየች። ሳትገዛ ወጣች። ሻይ እንኳን አላቀረብኩላትም። ምን ነበር ያስደነገጠኝ?

ረቡዕ፣ ማርች 5

ተመልሳ መጣች። በጓሮ በር አውጥቼ መነጽሮቹን አንድ በአንድ መቆሚያው ላይ አሰርኩላት፤ ወደ ተራራው እያነጣጠረች አየች። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ገዢ ነበረች። ዳር ዳሩ ላይ ይደበዝዛል? የርቀት ማስተካከያውን አዙረው መልሰው ሲያዞሩት ቦታው ላይ ይገጥማል? ጠመንጃው ሲራገጥ ይነቃነቃል? የሚጠየቀውን ሁሉ ጠየቀች። ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ከዚያ፣ ዓይኗን ከመነጽሩ ሳታነሳ...

"ሲመሽ፣ ብርቱካንማ ቀለም በዚህ ምን ይመስላል?"

"ይጠቁራል። ቡናማ ነገር ይሆናል።"

"የአጋዘን ቆዳ?"

የመቆሚያውን ብሎን አጠበቅኩ።

"ግራንት የያዘው የትኛውን ነበር?"

ግራንት ዶይግ የፊንሌይ ጓደኛ ነበር። ባለፈው ዓመት በዚሁ ወቅት አብረው አደን ወጡ። ተለያይተው ሲያደቡ፣ ሲመሻሽ፣ ግራንት ተኮሰ። የወደቀው ፊንሌይ ነበር፤ የጃኬቱ ትከሻ ብርቱካንማ ነበር። ፍርድ ቤት ቀርቦ "አጋዘን ነው ያየሁት" ሲል ሞይራ ከኋላ ተነስታ "ውሸት!" ብላ ጮኸች። እዚያ ነበርኩ። ያ ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የትኛው እንደነበር አውቃለሁ፤ የሸጥኩለት እኔ ነኝ። አሳየኋት።

"ጠቅልልልኝ" አለች።

ሐሙስ፣ ማርች 6

ኖላ ተቆጥታለች። የሚስቴ ቁጣ ቃል የለውም፤ ድስቱ ነው የሚጮኸው። እራት ላይ ግን ወጣላት።

"ግራንት የተፈረደበትን ጥቂት ወራት ጨርሶ ወይን እርሻው ላይ ሥራ ከጀመረ ገና ወሩ ነው። እሷ መነጽር ትገዛለች። አንተ ደግሞ ቁጭ ብለህ ትጠቀልላለህ!"

"አብዳለች ነው የምትዪኝ?"

"ብታብድማ ማን ይፈራት ነበር።"

ሰኞ፣ ማርች 10

በሞይራ ቤት በኩል አለፍኩ። በረንዳው ላይ ጠረጴዛ አውጥታ፣ ጠመንጃውን አሸዋ በሞላው ከረጢት ላይ አስደግፋ፣ አጎንብሳ ታያለች። ወዴት ነው የምታየው? ከወንዙ ማዶ የወይኑ እርሻ ነው። ሰዎች ወይኑን ከወፍ የሚከላከል መረብ እያሰሩ ነበር... ከመካከላቸው አንዱ ግራንት ነው።

እጄን አነሳሁላት። ቀና አላለችም። አፈሙዙ ግን ቀስ ብሎ ዞሮ መኪናዬን ተከተለ። ወይስ መሰለኝ?

አቆምኩና ወረድኩ።

"ባዶ ነው" አለች፣ ሳልጠይቃት። ከፍታ አሳየችኝ። እውነትም ባዶ ነው።

ለፖሊሱ ልንገረው? ምን ብዬ? ሴትዮዋ በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብላ ታያለች ብዬ?

ረቡዕ፣ ማርች 12

ሱቅ መጣች። ብቻችንን እስክንቀር ጠበቀች።

"ፊን የቆመበት ቦታ እንድትቆምልኝ እፈልጋለሁ። በዚያው ሰዓት። እኔ ግራንት አድብቶ ከተኛበት ሆኜ አያለሁ።"

"በባይኖኩላር፣ በእጅ መነጽር ከሆነ እሺ።"

"እሱ በባይኖኩላር አላየም።"

"ሞይራ... ጠመንጃ ባዶም ቢሆን ወደ ሰው አይዞርም። አንቺ ራስሽ ነሽ ለክለቡ ልጆች ያስተማርሽው።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው አንተን የምለምንህ። ሌላ ሰው ይሸሸኛል።"

እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ? እምቢ ብላት ማንን ወስዳ ልታቆም ነው?

ዓርብ፣ ማርች 14

ነገ። ነፋስ ከሌለ። ለኖላ አልነገርኳትም።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

ሳልተኛ ልጻፈው።

ነፋስ አልነበረም። ቅጠል አይነቃነቅም። በእኔ ፒክአፕ ሄድን፤ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከሸለቆው አፋፍ ላይ ጃኬት ከከረጢት አወጣች፤ አረንጓዴ ሆኖ ትከሻው ብርቱካንማ። ልክ የፊንሌይ ዓይነት።

"አዲስ ነው። የእሱ አይደለም። አትፍራ።"

ጠመንጃውን ተቀብዬ የጥይት መግቢያውን በጣቴ ዳሰስኩት። ባዶ። መልሼ ሰጠኋትና ጃኬቱን ለብሼ፣ ከሁለቱ የመነጋገሪያ ሬዲዮዎች አንዱን ይዤ ወረድኩ። ጅረቱን ተሻገርኩ፣ ማዶውን ወጣሁ። ጓሳው እስከ ወገብ ነው። ዞር ብዬ ሳይ አላየኋትም። መሬቱ ውጧታል።

ድምጿ በሬዲዮ መጣ። መጋረጃ ለመስፋት መስኮት የምትለካ ነው የምትመስለው። "ወደ ግራ... ትንሽ። ከእሾሁ ኋላ። ጎንበስ በል። እንደዚያው ቆይ።"

ቆየሁ። ፀሐይዋ ከተራራው ኋላ ገባች፤ ሁሉም ነገር አንድ ቀለም ሆነ። እጄን ሳይ የራሴ እጅ አልመስል አለኝ። አጋዘኖቹ እዚህም እዚያም ማጓራት ጀመሩ። አንዱ ከኋላዬ፣ በጣም ቅርብ... ሽታው መጣብኝ። ልዞር አልደፈርኩም። መላ ሰውነቴ አልቦኝ ግንባሬ ላይ አንዲት ቦታ ብቻ በረደችኝ። የጣት ጫፍ ታህላለች። እዚያ ላይ እያየችኝ እንደሆነ አወቅኩ። እንዴት አወቅኩ? እንጃ።

"ሞይራ፣ ይበቃል?"

የሬዲዮውን ቁልፍ ደግሜ ተጫንኩ።

"ሞይራ?"

ሬዲዮው ሲንሿሿ ቆየ። ከዚያ ድምጿ መጣ፤ ግን የቅድሙ ድምፅ አይደለም።

"ፊን... እጅህን አንሳ።"

ሌን ነኝ ልል ነበር።

"እጅህን አንሳ፣ ልጄ።"

አነሳሁ። ሁለቱንም። ከኋላዬ ያለው አውሬ ጓሳውን እየሰባበረ ሸሸ። ሬዲዮው ጸጥ አለ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ ጅረቱ ውስጥ ወድቄያለሁ። ስደርስ ጀርባዋን ለጠመንጃው ሰጥታ ተቀምጣለች። መዳፏ ላይ አንድ ጥይት አለ።

"ይሄ ከየት መጣ?"

"ከጠዋት ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነበር።"

"ለማን?"

"ለዋሸው ሰው።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማዶውን እያየች ተናገረች።

"አንተ መሆንህን አውቃለሁ፣ ሌን። በእጄ ነው ያቆምኩህ። አጋዘን አየሁ። ጀርባውን አየሁ፣ ጆሮውን ሲያንቀሳቅስ አየሁ። ጣቴ ቃታው ላይ ነበር፤ ማን እንዳስቀመጠው አላውቅም። ከዚያ እጅህ ተነሳ፤ አጋዘኑ ጠፋ።" ፊቷን በክንዷ ጠረገች። "ግራንት አልዋሸም። ግን አልቆየም። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ..."

ጥይቱን ሰጠችኝ። ሞቃት ነበር፣ ከእጇ።

ሰኞ፣ ማርች 17

መነጽሩን መለሰች።

"ይሄ አንዲት ነገር ብቻ ነው የሚያሳየው። ሌላው ሁሉ ይጠፋል። ዙሪያውን የሚያሳየኝን ስጠኝ፤ አነስ ቢልም ግድ የለም።"

አነስተኛውን መረጠች። ሁለት ጊዜ ወደ ተራራው አየችበትና "ይሄ ነው" አለች። ይሄን ይዛ ወደ ክለቡ ትመለስ ይሆን? አልጠየቅኳትም።

ለኖላ ሁሉንም ነገርኳት። ድስት አልጮኸም። ቁጭ ብላ እጄን ያዘች። ቆይታ "አንተ ጅል" አለችኝ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 6

ሞይራ ትናንት ወይን እርሻው በር ላይ ሄዳ ግራንትን አነጋገረችው። "ያየኸውን አይቻለሁ። ቆይተህ ቢሆን ታየው የነበረውንም አይቻለሁ" አለችው። ሌላ አልጨመረችም። ይማጸነኛል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን "እኔ እሱ የቆመበት ቆሜ አላውቅም። ልቁም?" አላት።

ዛሬ ሦስታችንም ሄድን። ጠመንጃ የለም፣ መነጽር የለም፣ ሬዲዮ የለም። ግራንት መንገዱን ሙሉ ቆቡን በእጁ ሲያሽ ነበር። ሸለቆው አፋፍ ላይ "እርስዎ እዚህ ይሆናሉ?" ብሎ ጠየቃት። "እዚህ ነኝ" አለች። ወረደ። ጅረቱን ሲሻገር አየሁት። ከዚያ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ።

አጋዘኖቹ ማጓራታቸውን ሊጨርሱ ነው፤ አንድ የጎረነነ ድምፅ ብቻ ከሩቅ። ብርሃኑ ያን ቀን እንደነበረው ሆነ። ሞይራ ክንዷን አጣጥፋ ማዶውን ታያለች። እኔ እሷን አያለሁ። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ምን ልታደርግ ነው? ያው ፍርሃት ተመልሶ መጣብኝ፣ ባዶ እጇን እያየሁ።

"ይታይሻል?" አልኳት።

"አይታየኝም። ሩቅ ነው።"

ብዙ ቆየን። ጨለማው ከታች ወደ ላይ ወጣ፤ እሾሁን ዋጠ፣ ጓሳውን ዋጠ። ማዶ ያለው ልጅ አልተንቀሳቀሰም። እንድትለው የሚጠብቀው ነገር ነበር? እኔም ጠበቅኩ።

ሞይራ ተነሳች። ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች፦

"ግራንት! ና ውረድ! ይበርድሃል!"

ገደሉ ተቀብሎ መለሰው። ማዶ፣ ጨለማው ውስጥ፣ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።