በሳህን ቁም ሳጥን ውስጥ የበቀለው

ለምወድህና ሁልጊዜ ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ ዋልዴማር፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሳብህ ወገብህ ዘንድሮስ ማረህ? ኢንግሪድ ደህና ናት? ልጆቹስ? ስዊድን ውስጥ በረዶው ገና አልቀለጠም ብለው በቴሌቪዥን ሲናገሩ እማዬ ሰምታ፣ "ያ ልጅ እኮ ደረቱን አይሸፍንም" ስትል ዋለች። ስልሳ አራት ዓመት የሞላህ ሰው መሆንህን ብነግራት፣ "ታዲያ ደረት ሲያረጅ ብርድ አይገባውም?" አለችኝ። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ ለወጉ ያህል አይደለም፤ እውነቴን ነው፣ ደህና ነን።

ለደብዳቤህ መልስ ሳልሰጥ ስድስት ወር በማለፉ እንደተቀየምከኝ አውቃለሁ። በስልክ ስትጠይቀኝም "እጽፍልሃለሁ" እያልኩ አመልጥሃለሁ። ምን ላድርግ፤ ስልኩ ያለው ከእማዬ ወንበር አጠገብ ነው። ወደ አረጋውያን መኖሪያ ትግባ ብለህ የጻፍከው ከክፋት እንዳልሆነ ገብቶኛል። ብቻዬን መድከሜን አይተህ ነው። አልዋሽህም፣ ያን ሰሞን "እሺ" ብዬ ልጽፍልህ ወረቀት አውጥቼ ነበር። አባባ ከሞተ ወዲህ ቁርጥማቱ ጉልበቷንም ጣቶቿንም ይዟት ከወንበሯ የምትነሳው በግድ ነው። እንቅልፍ የላትም፤ መጋረጃው እንዲከፈት አትፈልግም። እኔ ልብስ እሰፋለሁ፣ እሷ ግድግዳ ታያለች። ቀኑን ሙሉ የምንነጋገረው "መድኃኒትሽን ዋጥሽ?" "ዋጥኩ" ብቻ ሆኖ ነበር። "እሺ" ብዬ ሳልጽፍልህ የቀረሁት በአንድ ቁም ሳጥን ምክንያት ነው። አትሳቅ፤ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ባቡር ጣቢያ ይሠራ የነበረውን ኒካኖርን ታስታውሰዋለህ? ከአጥራችን ወዲያ የሚኖረው፣ ሚስቱ የሞተችበት። አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ እማዬ ከወንበር ስትነሳ ስታቃስት ሰማና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ለእኔ ትከሻ ምን እንደረዳው ታውቂያለሽ? ካናቢስ ነው። እዚህ ኡራጓይ ሕጉ ፈቅዶልናል እኮ፣ ተመዝግበሽ በገዛ ቤትሽ ታበቅያለሽ" አለኝ። ሐኪሟን ጠየቅኩ። "ቁርጥማቱን አያድነውም፤ ሕመሙን ያስታግስላትና እንቅልፍ ይሰጣት ይሆናል። መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ፣ መጠኑንም እኔን ሳትጠይቂ እንዳትወስኚ" አለኝ። ደስ ብሎኝ ለእማዬ ብነግራት የሆነውን አትጠይቀኝ። "አርባ ዓመት ከተማሪ ኪስ ስቀማው የኖርኩትን ሐሺሽ በቤቴ ልትዘሪብኝ? እኔ በቁሜ እያለሁ!" አለች። በሁለት ወር ውስጥ ከአፏ የወጣ ረጅሙ ንግግር እሱ ነበር።

ስለዚህ በድብቅ ሆነ። በሃምሳ አምስት ዓመቴ እናቴን ፈርቼ ተደበቅኩ፣ አስበው። ምዝገባው በፖስታ ቤት ነው። ተራዬ ደርሶ በመስኮቱ ቀዳዳ አንሾካሾክኩ፤ ሰውዬው አልሰማኝም። ደግሜ አንሾካሾክኩ፤ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። በሦስተኛው ተናደድኩና፣ "ካናቢስ ላበቅል ነው!" ብዬ ጮህኩ። ሰልፉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ከኋላዬ የነበሩት፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚጫወቱት አሮጊት ትከሻዬን ነካ ነካ አድርገው፣ "ልጄ፣ የቅጠል ቅማል እንዳይገባበት ብቻ ተጠንቀቂ፤ የእኔን ባለፈው ዓመት ጨርሶብኛል" አሉኝ።

ቁም ሳጥኑ አባባ ለራሱና ለእማዬ ሰርግ የሠራው የሳህን ማስቀመጫ ነው፤ ያ ደረት ድረስ የሚደርሰው፣ ባለ ሁለት በሩ። ሳህኖቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ በሣጥን አስቀመጥኳቸው። ከኒካኖር ጋር ተሸክመን ወደ ስፌት ክፍል ስናስገባው ለእማዬ "ለጨርቅ ነው" አልኳት፤ ቀና ብላም አላየችን። መደርደሪያዎቹን አወጣን፤ ውስጡን ነጭ ቀለም ቀባነው፤ ከላይ መብራት ሰቀልን፤ ከጀርባው በኩል ቀዳዳ በስተን ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣች ትንሽ ማራገቢያ ገጠምንለት። ለሽታው ደግሞ ሥጋ ከምንጠብስበት ከሰል ወቅጬ በአሮጌ ስቶኪንጌ ውስጥ ሞላሁና በቀዳዳው ላይ አሰርኩት። ኒካኖር ስቶኪንጉን አገላብጦ አየና፣ "ይህን አድርገሽ ዳንስ ቤት የምትሄጂበት ዘመን ትዝ ይለኛል" አለ። "አንተ ያን ጊዜ ባለትዳር ነበርክ" ብለው፣ "ባለትዳር ዕውር ነው ያለሽ ማን ነው?" ብሎ ሳቀብኝ።

አራት ዘር ቀበርን፤ አራቱም ወጡ። የመጀመሪያዋ ቅጠል አፈሩን ሰንጥቃ ብቅ ስትል ብታየኝ ኖሮ ዓይኔን ታብስልኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ነገር አበዛሁ። ፍቅሬን የምገልጽበት ሌላ መንገድ ስላላገኘሁ ጠዋት ውኃ፣ ቀትር ውኃ፣ ማታ ውኃ። የገና በዓል ሲደርስ፣ ያ የፓይሳንዱ የበጋ ሙቀት እንደ ልማዱ ሲበረታ፣ ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነው አንገታቸውን ደፉ። ኒካኖር ሴት ልጁ ዘንድ ለበዓል ሄዷል። የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ የእማዬ ወንበር ባዶ ነው። ወንድም ጋሼ፣ ዘንቢሉ ከእጄ ወደቀ። ወድቃለች ብዬ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ፤ የለችም። ጓዳ፤ የለችም። የስፌት ክፍሉን ስከፍት የእኔ የስፌት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ቁም ሳጥኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መብራቱ ፊቷ ላይ ነው፤ መነጽሯን አድርጋ አንዷን ቅጠል በጣቷ ደግፋ ታያለች። 

"ማን ነው እንዲህ ውኃ ያጠጣቸው?" አለች፣ ሳትዞር።

"እኔ ነኝ።"

"ሥሮቻቸው ታፍነዋል። ይህን የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል። ለመሆኑ እኔ ክፍል ገብተሽ ተምረሻል ወይስ በር ላይ ተንበርክከሽ ነው ዓመቱ ያለቀው?"

"እማዬ፣ የምትቆጪኝ ስለ ውኃው ነው?"

"ወደ ውሸትሽ በኋላ እመጣለሁ። አሁን ደረቅ አፈር አምጪ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ቁም ሳጥኑ የእኔ መሆኑ ቀረ። ወንበሯን ወደ ስፌት ክፍል አዛወርን። መጋረጃውን ራሷ አስከፈተችኝ፤ "በጨለማ እንዴት ቅጠል ልመርምር?" ብላ። የማቴ ሻይዋን በቀጭኑ መምጠጫ እየሳበች በየጠዋቱ ቁመታቸውን በማስመሪያ ታስለካኛለች፤ እኔ እለካለሁ፣ እሷ "ማስመሪያው ተጣሟል፣ ድገሚ" ትላለች። ኒካኖር ከበዓል ሲመለስ አይቷት በር ላይ ደርቆ ቀረ። "መምህርት፣ እርስዎ?" አለ። "ምን ትገተራለህ? ግባና በሩን ዝጋ፤ ብርሃኑ ይወጣል" አለችው።

አንደኛው ተክል ወንድ ሆኖ ተገኘ። ወንዱ ካልተነቀለ ሴቶቹ አበባቸውን ትተው ዘር መሥራት ይጀምራሉ፤ ኒካኖር ይህን እንደ ሐዘን መርዶ ነበር ቀስ ብሎ የነገራት። እማዬ ከመነጽሯ በላይ አየችው። "ማለት፣ ራሱ ምንም አይሠራ፣ ሌሎቹንም ከሥራቸው ያስፈታል?" አለችው። "እንደዚያ ነው መምህርት።" "ይነቀል። አንተም እያየህ ተማር።" ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን። እማዬ ስትስቅ የሰማሁት መቼ እንደነበር ላስታውስ ሞክሬ አቃተኝ።

የቀሩት ሦስቱ አበቡ። ቤቱ እንደ ጥድና እንደ ሎሚ ሸተተ፤ የእኔ ስቶኪንግ ምንም አልፈየደ። ሲደርሱ በስፌት መቀሴ ቆረጥናቸው፤ እዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ ዘቅዝቀን አደረቅናቸው፤ ከዚያ በማርማላታ ብልቃጦች ከተትናቸው። ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ጥቂቱን በዘይት አዘጋጀን፤ ጠብታ በጠብታ፣ በጣም በጥንቃቄ ጀመርን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለውጥ አልነበረም። ከሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ቁርሷን ይዤ ስገባ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ እሷ ገና ተኝታለች። ደነገጥኩ። ጎንበስ ብዬ ትንፋሿን አዳመጥኩ። ታንኮራፋለች! ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጬ እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ድናለች አልልህም፤ ጣቶቿ እንደተቆለመሙ ናቸው፣ በዝናብ ቀን አሁንም ታቃስታለች። ግን ትተኛለች። የተኛ ሰው ሌላ ሰው ነው።

ባለፈው እሑድ የከተማችን አብቃዮች በወንዙ ዳር ተሰብስበው ነበር። ሁሉም ብልቃጡን ይዞ ይመጣል፤ ዳኞች በአጉሊ መነጽር ያያሉ፣ ያሸታሉ። እማዬ ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳ፣ ኒካኖር በዊልቸር እየገፋት፣ ብልቃጡን እንደ ታቦት አቅፋ ደረሰች። ምን ልንገርህ! ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተማሪዎቿ ነበሩ፤ ራሰ በራ የሆኑ፣ የሸበቱ፣ አያት የሆኑ። ስትገባ ማንም ሳያዝዛቸው ሁሉም ከመቀመጫቸው ተነሡ። እሷም ልማዷ ነውና "ተቀመጡ" አለቻቸው።

ሦስተኛ ወጣች። ሦስተኛ መውጣቷን የሰማች ጊዜ ዋናውን ዳኛ አስጠራችው። "መምህርት፣ ማድረቁ ላይ ትንሽ እርጥበት ቀርቶበታል" አላት፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ። "አንተ እርጥበት ምን እንደሆነ ለመረዳት ሁለት ዓመት ሙሉ የፈጀህ ልጅ አይደለህም?" ስትለው ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ሰውዬው እስከ ጆሮው ቀልቶ፣ "ሁለት ዓመት ተኩል ነው፣ መምህርት" አላት። ተነሥታ ሳመችው።

ስንመለስ ወንዙን ልይ ብላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ኒካኖር ቂጣ ሊገዛ ሄደ። ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩልህም በዚህ ምክንያት ነው።

"የዋልዴማርን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ" አለችኝ። "ስፌት መኪናሽ ላይ ትተሽው ወጣሽ። ያን የእጅ ጽሑፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አይቼ ልለፈው?"

የምገባበት ጠፋኝ። "ተቀየምሽን?" አልኳት።

"አልተቀየምኩም። ተስማምቼ ነበር። ልብሴን አጣጥፌ በትንሿ ሻንጣ ከትቼ አልጋዬ ሥር አስቀምጬ፣ እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነበር። ሁለት ወር ጠበቅኩሽ። አፍራ ነው፣ እኔው ልጀምርላት ብዬ ግድግዳ ይዤ ስፌት ክፍል መጣሁ። አንቺ የለሽም። የሆነ ነገር ሸተተኝ፣ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩት። ሦስት አራት ምስኪኖች በውኃ ሰጥመው ሊሞቱ ነው። እነዚህን ለማን ትቼ ነው የምሄደው አልኩ።"

 "ሻንጣውስ?" አልኳት።

"በማግስቱ ፈታሁት። ሹራቤ ሁሉ ተጨማዶ ነበር።"

ወንድም ጋሼ፣ መልሴ ይኸው። እማዬ የትም አትሄድም። ደግሞ ለእሷ ስል ራሴን የሠዋሁ እንዳይመስልህ፤ አሁን የማወራው ሰው አለኝ፣ በቀን አሥር ጊዜ ትቆጣኛለች፣ ደስ ይለኛል። ልትረዳን ከፈለግክ ና፤ አልጋህ እንደተነጠፈ ነው። እንዳትቆጭም እለምንሃለሁ፤ እኔም አንተ ያሰብከውን አስቤ ነበር።

ሌላ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለኢንግሪድ ብቻ ንገራት። ኒካኖር በየቀኑ ይመጣል። አንድ ቀን ማራገቢያውን ልይ ይላል፣ አንድ ቀን አምፖሉን። ትናንት እማዬ፣ "ሰበብ ፍለጋ አትድከም፣ ሰውዬ፤ ቁም ሳጥኑ ጤነኛ ነው። ልታገባት ከሆነ ጠይቃት፣ ካልሆነ ሱሪህን ይዘህ ሂድ" ብላው እኔ በአንድ በር፣ እሱ በሌላ በር ወጣን። ምን እንደምመልስለት ገና አላውቅም። ግን ለራሴ ልብስ ከሰፋሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት አረንጓዴ ጨርቅ ዘርግቼ ቀሚስ ቆረጥኩ። 

ኢንግሪድን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ። ልጅህን ሶፊን አክስትሽ በጣም ትወድሻለች በላት፤ ፈተናዋ ተሳክቶላት እንደሆነም ጻፍልኝ። ታናሽየው ማቲያስ ኳስ ሲጫወት የሰበረው እግር ድኖለት እንደሆነ ንገረኝ። ኒካኖር፣ "በልጅነታችን ከእሱ ጋር በባቡሩ ጣሪያ ላይ ስለተሳፈርን የገረፈኝን የአባታችሁን ቀበቶ አልረሳሁም፣ ሰላም በይልኝ" ብሎሃል። እማዬ እዚህ አጠገቤ ተቀምጣ ስህተት እያረመችልኝ ነው፤ "እናትህ ሦስተኛ የወጣችው በዳኛው ስህተት ነው ብለሽ ጻፊ" ብላለች፤ ጽፌያለሁ።

የምትወድህ እህትህ፣
ኒቢያ

ፓይሳንዱ፣ ኡራጓይ
እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 2018