ተኝቼ ብናገርስ?

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 1970 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ላቀው፤ የሞስኮ ብርድ እንዴት ይዞሃል? የደጋ ልጅ ስለሆንክ ትችለዋለህ ብለን እንጽናናለን። ገብሱ ዘንድሮ ደህና ነው፤ እንደዚያ እንደ ድርቁ ዘመን አይደለም። የቀበሌ ሰዎች ስለ ታናሻችን ስለ መለሰ ዛሬም ይጠይቁናል፤ የት እንዳለ አናውቅም ብለናል።

እማዬን እንቅርታቸው ትንፋሽ ቢያሳጥራቸው ደሴ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ፣ "በማደንዘዣ አስተኝተን እናወጣዋለን" አላቸው።

"ተኝቼ ብናገርስ?" አሉት።

"ሲነቁ የሚለፈልፉ አሉ፤ ምን ችግር አለው?" ብሎ ሳቀ።

እማዬ ነጠላቸውን አንስተው ወጡ።

አሁን መጋደም ስላቃታቸው ቁጭ ብለው ነው የሚያድሩት። አንተ የምታጠናው አንጎልንና ማደንዘዣን ነውና፣ የተኛ ሰው አፉን መጠበቅ ይችል እንደሆነ ቶሎ ጻፍልን። አይችልም ካልክ ግን፣ "ደሴ አልመለስም፤ እንዲሁ እንደታነቅሁ እኖራለሁ" ብለዋል።

ፈጣሪ ሁላችንንም በያለንበት ይሰውረን።

እህትህ አልጣሽ