ደህናውን ግንብ ስለደገፋችሁልን

ለተከበሩ የአደጋ መረጃ መቀበያ ዴስክ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ስልክዎ ቻርጁ የሞላ፣ ቤትዎም ከነግንቡ የቆመ ይሁን እያልኩ ከጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ጀርባ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ናፊያ ናት። አንዳንዱን ቃል እናለዝበው ብላኝ ነበር፤ አይሆንም ብያለሁ።

የዘንድሮው ዝናብ የቤቴን የኋላ ግንብ ሰነጠቀው። ከሥሩ የምትተኛው ባለቤቴ ገላነሽ ናት፤ እግሯ አልታዘዝ ካላት ቆየ። ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ አልጋውን ወዴትም ባዞረው ግንቡ ከአናቷ አይርቅም። ብደውልላችሁ ፎቶና ሎኬሽን በቴሌግራም ይላኩ አላችሁኝ። የእኔ ስልክ ባትሪ ያበራል እንጂ ፎቶ አያነሳም፤ ስለዚህ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ጎረቤቴን ዘውዴን ለመንኩት። እሱም ስንጥቁን ከራሱ ሰገነት ላይ ሆኖ አነሳው፤ ሎኬሽኑንም እዚያው እንደቆመ ላከው። ከዚህ በኋላ ለሆነው ሁሉ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሠራተኞቻችሁ ፈጥነው ስለመጡ አመሰግናለሁ። መኪና በማይገባበት ጉራንጉር አጠናውን በትከሻቸው ተሸክመው፣ ስልካቸው ወደመራቸው ወደ ዘውዴ ቤት ገብተው፣ ስንጥቅ የማያውቀውን የዘውዴን ግንብ ደግፈውት ሄዱ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የተሰነጠቀውስ የእኔ ነው እያልኩ ብጮህ፣ አለቃቸው «አባባ፣ ከአደጋው ቦታ ራቅ ይበሉ» ብሎ ለሕይወቴ ስለተጨነቀልኝ እግዜር ይስጠው።

ሁለተኛ፣ ለዘውዴ «ትክክለኛ መረጃ ሰጪ» የሚል የምስክር ወረቀት ስለሰጣችሁት። አጠናው ላይ ሰቅሎታል። ለምን ዝም አልክ ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ ሳህሉ፣ መንግሥት የደገፈውን እኔ ላፍርስ እንዴ?» አለኝ።

ሦስተኛ፣ ዳግመኛ ስደውል ጉዳዩ ተፈትቶ ተዘግቷል ስላላችሁኝ። አጠናውን ወደ እኔ ቤት ላዙረው ብል ደግሞ የመንግሥት ንብረት እንዳይነኩ ተባልኩ። አልነካሁም። እኔ ሕግ አከብራለሁ፤ ግንቡ ግን መዘጋቱን አልሰማም።

ቅናት ነው ካላችሁኝ አልክድም። ዘውዴ መኪና ሲገዛ አልቀናሁም፤ ፎቅ ሲሠራም አልቀናሁም። ዛሬ ግን በእንጨት ቀናሁ። ማለዳ ወጥቼ ያንን ወፍራም አጠና አየዋለሁ፤ ተመልሼ ደግሞ ከገላነሽ ራስጌ ያስደገፍኩትን የአሮጌ በር ሳንቃ አያለሁ። ሰው በጎረቤቱ ሀብት ይቀናል፤ እኔ ሽማግሌው በሌለ አደጋው ቀናሁ።

ውለታችሁን ከሚሰነጠቅ ግንብ ሥር ሆኖ የሚቆጥር፣ ስልኩ ባያይም ዓይኑ የሚያይ አገልጋይዎ፣
ሳህሉ ወልደየስ
(በፊርማ ፈንታ አውራ ጣቴን አኑሬያለሁ)

ማሳሰቢያ፦ ግንቡ ከቀደማችሁ የሐዘኑ ድንኳን የሚተከለው በእኔ ደጅ ነው። አደራ፣ ዘውዴ ቤት ገብታችሁ እሱን «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብላችሁት እንዳትመለሱ። ሟቿ የእኔ ሚስት ናት።