ነብሮና የመይሙና ልጅ

ይድረስ ለልጄ ለገዳ። የልደታዋ እመቤት በምትረግጠው መንገድ ሁሉ ትቅደምልህ። የሴኡል ብርድ እንዴት አደረገህ? እኛ ደህና ነን። ሽማግሌው ውሻችን መከታ ጆሮው ስለደከመ፣ እንዳይደነግጥ መሬቱን በእግሬ መታ መታ አድርጌ ነው የምጠጋው።

የጨነቀኝ ትተኸው የሄድከው ጎረምሳው ውሻህ ነብሮ ነው። ማክሰኞ የጎረቤታችን የመይሙና ልጅ፣ ትንሿ ሀዲያ፣ ሰፌድ ልትመልስ በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ ግድግዳ አስጠግቶ ጥርሱን አሳያት። እኔ ስጮህ እሱ ባሰበት። ያኔ "እማዬ፣ ስትጮሂ አብረሽው የምትጮሂ ይመስለዋል" ያልከኝ ትዝ አለኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ነብሮ፣ ና" አልኩት። ልጅቷን እያየ ቆየ። ከዚያ መጥቶ እግሬ ሥር ተኛ። ተመስገን፣ አልነከሳትም።

መይሙና ግን ልጇን አቅፋ፣ "እትዬ እንዳለች፣ ዛሬስ አላህ አተረፋት፤ ነገ ቢደግመውስ? ያስወጡልኝ" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እናት ናት። አንድ ወር እንድትታገሰኝ ለምኜ በስንት መከራ እሺ አለች።

እስከዚያ ነብሮ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ይውላል፤ መታሰሩ ደግሞ ይብስ ያስቆጣዋል። እባክህ ልጄ፣ ከሥራ ስትወጣ በስልክ እያየኸኝ አሰልጥነኝ። አንተን ይሰማሃል፤ መማር ያለብኝ እኔ ነኝ።

አምላክ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ።

እናትህ እንዳለች