በለቅሶ ድንኳን ስለተመሠረተችው አገር

ለተከበሩ አቶ ገዛኸኝ
የነፃ አንኮበር ፓርቲ ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ያ የጉልበትዎ ሕመም በዚህ ብርድ እንዳልተነሣብዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የፓርቲዎ ጸሐፊ ወልደኪዳን፣ እህል አልወርድ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ።

ቅሬታዬን በአደባባይ የምጽፈው ስብሰባ ላይ እንዳልናገር ስለከለከሉኝ አይደለም። የፓርቲያችን አባላት ስድስት ስለሆንን፣ ከስድስቱም ሦስቱ የእርስዎ ልጆች ስለሆኑ፣ ድምፅ ቢሰጥ እንደምሸነፍ አውቄ ነው።

አንደኛ፤ አንኮበርን ራሷን የቻለች አገር ለማድረግ ስለደከሙት ድካም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሰንደቅ ዓላማ አሰፍተዋል፣ ማኅተም አስቀርጸዋል፣ ከደብረ ብርሃን በሚያመጣው መንገድ ላይ ኬላ የሚቆምበትን ቦታ በከዘራዎ አሳይተውናል። የሰፈራችን ቧንቧ ከደረቀ ወር ሊሞላው ነው፤ እርስዎ ግን እሰይ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሾመዋል።

ሁለተኛ፤ የድጋፍ ፊርማ በጠፋ ጊዜ ስላመጡት ብልሃት አደንቅዎታለሁ። እንደሚያውቁት የእድራችንም ጸሐፊ እኔው ነኝ። የእድር ሰው ለቅሶ ላይ መገኘቱን ድንኳን ውስጥ ይፈርማል፤ ያልፈረመ እንደቀረ ተቆጥሮ ይቀጣልና ማንም ወረቀቱን አያነብም። እማሆይ አስካለማርያም ያረፉ ዕለት በመገኛው ወረቀት ፈንታ የፓርቲውን ወረቀት እንዳዞር በትሕትና ጠየቁኝ። ርእሱ እንዳይታይ ጫፉን ያጠፍኩት ግን፣ አይ እኔ፣ በገዛ እጄ ነው። ያን ሁሉ ለቀስተኛ ዓይኑን እየጠረገ አስፈረምኩት፤ መጻፍ የማይችለውን አውራ ጣቱን ይዤ ቀለም ነከርኩ። የእድሩ ዳኛ እንኳ መነጽራቸውን ሳያደርጉ ፈረሙ።

ሦስተኛ፤ በገበያ ቀን ስሞቹን በድምፅ ማጉያ አንድ በአንድ ስላነበቡልን፣ አስከትለውም የሕገ መንግሥትዎን አንቀጽ አራት ስላሰሙን እጅግ አመሰግናለሁ። ዜጋ ማለት ሰባት ቤት አያቱ አንኮበር የተወለደ ነው ብለዋል። የእርስዎ ሴት አያት ከደነባ በሙሽርነት እንደመጡ አገር ያውቃል፤ እሱን ለሚኒስትሮችዎ እተወዋለሁ።

ከተነበቡት ስሞች አንዱ አልታየች የሚል ነበር። ክቡርነትዎ ላያውቋት ይችላሉ። ከወለጋ ተፈናቅላ፣ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ሁለት ዓመት ከቆየች በኋላ እኛ ዘንድ ቤት የተከራየች፣ መናኸሪያው አጠገብ የተቀቀለ ድንች የምትሸጥ ሴት ናት። አምና እድር ስትገባ የመዘገብኳት እኔ ነኝ፤ አሁንስ ብሞት አፈር የሚያለብሰኝ ሰው አገኘሁ ብላ እጄን ስማኛለች።

በማግስቱ ደጄ መጣች። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ምነው በሰደበችኝ! የፈረመችው የትኛው ወረቀት ላይ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እንግዲያው እዚህ አገር ሰው እንዳልሆንኩ ራሴ ፈርሜያለሁ ማለት ነው ወይ አለችኝ። ከወለጋ ስትፈናቀልም ነገሩ የጀመረው ስም ዝርዝር በማንበብ እንደነበር ነግራኝ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ዕቃዋን ጭና ወደ መጠለያው ተመለሰች። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ፍራሿን ሚኒባሱ ላይ የሰቀልኩላት እኔው ነኝ፤ እሷም እግዜር ይስጥልኝ አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ የቀረውን ቅሬታ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የእርስዎ ሳይሆን የእኔ ጥፋት ነው። እርስዎ ጠየቁ፤ እምቢ ማለት ግን በእኔ እጅ ነበር። ወረቀቱን ለእድሩ ዳኛ አስረክቤ፣ ያደረግሁትን በሙሉ ተናግሬ፣ ከሁለቱም ጸሐፊነቴ ተነሥቻለሁ።

ለአዲሲቱ አገርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለአምስቱ ቀሪ ዜጎቿም ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የቀድሞው ታዛዥዎ
ወልደኪዳን

ማስታወሻ፦ ትናንት መጠለያው ድረስ ሄጄ እንድትመለስ ለመንኳት። አልመለስም አለች፤ ከእድሩ መዝገብ ግን ስሜን እንዳትሰርዙት ብላ አደራ ሰጠችኝ። በአገርዎ መኖር የፈራችው ሴት እኛው እንድንቀብራት ትፈልጋለች። ያን ቀን በየትኛው ዓይኔ ልጆቿን እንደማያቸው እኔ አላውቅም፤ እርስዎ የሚያውቁ ከሆነ በማኅተምዎ አስደግፈው ይጻፉልኝ።